ድህነት የጠበቃቸው ቤቶች

ከሠላሳ ስምንት ዓመት የማስተማር ሥራ በኋላ ጡረታ ወጥቼ ሳለሁ፥ በእንግሊዝ አገር በኢፕስዊች ከተማ የምትኖረው ሴት ልጄ አስጠርታኝ ሦስት ወር ያህል እርስዋ ዘንድ ተቀመጥሁ። እንግሊዝን ከልጅነቴ ጀምሮ በሚስዮን ትምህርት ቤት መጻሕፍት ሥዕል አውቃት ስለ ነበር፥ ለማየት የጓጓሁት የድንጋዩን ግንብ፥ ትልልቁን ድልድይና የነገሥታቱን አዳራሽ ነበር። ልጄ ግን አንድ ቅዳሜ ጧት «አባባ፥ ዛሬ የጭቃ ቤት ላሳይዎ ነው» አለችኝ። የምትቀልድብኝ መስሎኝ፥ «የጭቃ ቤት ለማየትማ ይህን ሁሉ ባሕር መሻገር ምን አስፈለገኝ?» ብዬ ሳቅሁ።

የወሰደችኝ በሰፎክ አውራጃ ወዳለች ላቨናም ወደምትባል መንደር ነው። (አንባቢ እንዳይሳሳት፥ የእንግሊዝን አገር ታሪክ ስናገር ዓመቱን እንደ አውሮፓውያን፥ የራሴን ስናገር ግን እንደ አገራችን አቆጣጠር ጽፌአለሁ።) ወደ መንደሪቱ ሲገቡ አስቀድሞ የሚታየው ቁመቱ 43 ሜትር ያህል የሆነው የቤተ ክርስቲያኑ የደወል ግንብ ነው። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ቤቶቹም በግራና በቀኝ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ቆመዋል። ቆመዋል ማለቴ እንኳ ሳይበዛ አይቀርም። አንዱ ወደ ጐረቤቱ ዘመም ብሏል፥ አንዱ ወደ መንገዱ አጐንብሷል፤ የአንዱ መስኮት ሽቅብ፥ የሌላው ቁልቁል ያያል። ጠላ ጠጥተው ከሠርግ ቤት ተያይዘው የሚመለሱ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ኖረዋል።

የቤቱ አጥንት እንጨት ነው፤ እንጨቱም ኦክ ከሚባለው ጽኑ ዛፍ የተቈረጠ ነው። የጥንቶቹ አናጢዎች ዛፉ እስኪደርቅ ድረስ አይጠብቁም ነበር። ኦክ ከደረቀ በኋላ እጅግ ስለሚጠና መሣሪያ አይደፍረውምና፥ እርጥቡን ይጠርቡት ነበር። የአንዱን እንጨት ጫፍ እንደ ምላስ አሳስተው በሌላው እንጨት ላይ በፈለፈሉት ጉድጓድ ያስገቡትና፥ ሁለቱን አንድ ላይ በመብሻ በስተው የእንጨት ችንካር ይመቱበታል። የብረት ምስማር አይገባበትም። ግድግዳውን በአናጢው ግቢ መሬት ላይ አጋድመው ከገጣጠሙ በኋላ፥ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ባልንጀራውን እንዳይስት የሮማውያንን አኃዝ የሚመስል ምልክት በስለት ይጭሩበታል፤ ከዚያ ፈትተው ቤቱ ወደሚቆምበት ቦታ ይወስዱትና እንደ ገና ይገጥሙታል። ይህ ጭረት በብዙ ቤቶች ውስጥ ዛሬም ይታያል። እርጥቡ እንጨት ከተገጠመ በኋላ ቀስ በቀስ እየደረቀ ይኮማተራል፥ ይጣመማልም። ቤቶቹ እንዲህ የዘመሙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ነገር ግን ምላሱና ችንካሩ አብረው ስለሚጣመሙ፥ ቤቱ እንደ ቅርጫት ይለመጣል እንጂ አይፈርስም።

በሀብታሞቹ ቤቶች ላይ ቋሚዎቹ እንጨቶች እጅግ ተቀራርበው ቆመዋል። ይህ ለጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ እንጨት በገንዘብ የሚገዛ ነበርና «እዩልኝ» ለማለት ጭምር ነው። ደርቡም ከምድር ቤቱ አልፎ ወደ መንገዱ ብቅ ይላል። እንዲህ የተሠራበትን ምክንያት ሊቃውንቱ ይከራከሩበታል፤ እኔ ግን ከዚህም ውስጥ ጥቂት ኩራት ሳይኖርበት አይቀርም ብዬ አስባለሁ። በሌላው የእንግሊዝ ክፍል እንጨቱን ጥቁር፥ ግድግዳውን ነጭ የመቀባት ልማድ አለ፤ ይህም በአብዛኛው በ19ኛው መቶ ዓመት የተስፋፋ ፋሽን ነው ይላሉ። በላቨናም እንጨቱ ብዙውን ጊዜ ሳይቀባ አመድማ ሆኖ ይታያል፤ ግድግዳውም ነጭ፥ ቢጫ፥ ወይም ደብዘዝ ያለ ሮዝ ነው።

ልቤን የነካው ግን በእንጨቶቹ መካከል ያለው ነገር ነው። በአንድ ቤት ውስጥ፥ ግድግዳው እንዴት እንደ ተሠራ ለጐብኚ ለማሳየት ጥቂት ቦታ ሳይለስኑ ትተው በመስተዋት ከልለውታል። ጠጋ ብዬ አየሁ። ቀጫጭን እንጨት እንደ ማገር ተጐንጕኗል፤ በላዩ ጭቃ ተመርጎበታል፤ ከጭቃውም ውስጥ የጭድ ሰበዝ ወጥቶ ይታያል። አስጐብኚዪቱ ጭቃው ከጭድና ከከብት እበት ጋር እንደሚቦካ፥ በመጨረሻም ኖራ እንደሚቀባ ለሕዝቡ ስታስረዳ፥ ሰዎቹ እንደ ታላቅ ምሥጢር ቆመው ያዳምጡ ነበር። አንዱ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። እኔ መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁት፤ ያን ግድግዳ አውቀዋለሁና።

አባቴ ቤቱን የሠራ በ1957 ዓ.ም. ነው። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ምሰሶው ወይራ፥ ቋሚው ጽድ ነበር፤ ማገሩንም በልጥ እያሰረ ያስጠጋው ራሱ ነው። ጐረቤቱ በደቦ ተሰብስቦ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቦካና እስኪብላላ ድረስ ሳምንት ያህል ተወው። ከዚያም እኛ ልጆች እየጨፈርን በእግራችን ረገጥነው። ሽታው ክፉ ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን የሚበልጥ የደስታ ቀን በልጅነቴ ትዝ አይለኝም። በየዓመቱም ክረምት ወጥቶ መስቀል ሳይደርስ፥ አባቴ ዝናብ ያጠበውን የግድግዳ ክፍል እየዞረ ያያል፤ የጐደለውን ይመርጋል፥ የተሰነጠቀውን ይለስናል። እየሠራም ከቤቱ ጋር እንደሚነጋገር ሰው ያጕረመርም ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባሁ። ጽሕፈትን፥ ሒሳብን፥ ሰዓት ማክበርንና እውነት መናገርን ያስተማሩኝ እነርሱ ናቸው፤ ውለታቸውን አልክድም። ነገር ግን በጤና አጠባበቅ መጽሐፋችን ውስጥ ሁለት ሥዕል ነበር። በአንደኛው የጭቃ ቤት፥ ደጃፉ ላይ ዝንብ የወረረው ልጅ፤ በሁለተኛው ባለ አራት ማዕዘን የጡብ ቤት፥ በመስኮቱ አበባ፥ በደጁ የሚስቅ ልጅ። ስለ አባቴ ቤት ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ሥዕሉ ይበቃ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ፥ ባልንጀሮቼ ቤታችሁ ወዴት ነው ቢሉኝ በእጄ ወደ ሩቅ አመለክት ነበር እንጂ ይዤአቸው አልሄድም ነበር። አስተማሪ በሆንሁም ጊዜ እነዚያኑ ሁለት ሥዕሎች በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሣልሁ አስተማርሁ። የሚገርመው ነገር ይህ ነው፤ በዚያው ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ የዘመርነውን፥ ስለ ኮከብ የሚናገረውን የሕፃናት መዝሙር በ1806 ያሳተመችው ጄን ቴይለር በልጅነትዋ የኖረችው በላቨናም፥ በእነዚሁ በእንጨትና በጭቃ በተሠሩ ቤቶች መካከል ነው። ይህን ያወቅሁት ግን በስድሳዎቹ ዕድሜዬ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ እንዲህ ያለች መንደር ይህን ሁሉ ቤት ከወዴት አገኘች ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። ከበግ ጠጉር ነው። በ15ኛው መቶ ዓመትና በ16ኛው መጀመሪያ፥ ላቨናም በሰማያዊ ቀለም የተነከረ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ እያሠራች እስከ ባሕር ማዶ ትሸጥ ነበር። በ1524 በተጣለው ግብር ከታወቁት ከተሞች ከዮርክና ከሊንከን የበለጠ እንደ ከፈለች ይነገራል። ቶማስ ስፕሪንግ የሚባለው የጨርቅ ነጋዴ በ1523 ሲሞት ለደወሉ ግንብ ማሠሪያ ገንዘብ ተናዝዞ ነበር፤ የቤተ ሰቡ አርማም በግንቡ ላይ ተቀርጾ ይታያል። በገበያው አደባባይ ያለውን ትልቁን አዳራሽ በ1530 ገደማ ያሠራው፥ እንደ እኛ የጽዋ ማኅበር ያለ፥ በክርስቶስ ሥጋ ስም የተሰየመ የምእመናን ማኅበር ነው።

ይሁን እንጂ ሀብቱ የሁሉም አልነበረም። በ1525 ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ለፈረንሳይ ጦርነት አዲስ ገንዘብ ቢጠይቅ፥ ነጋዴዎቹ ለሠራተኞቻቸው የምንከፍለው የለንም ብለው አሰናበቷቸውና ብዙ ሺህ ሸማኔና ሥራ ፈት በላቨናም አካባቢ ተሰበሰበ። የኖርፎክ መስፍን መጥቶ አለቃችሁ ማን ነው ብሎ ቢጠይቃቸው፥ አለቃቸው ድህነት መሆኑን እንደ ነገሩት የዚያ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ ይተርካል። ንጉሡም በመጨረሻ ግብሩን ተወው።

ድህነትም በእውነት አለቃቸው ሆኖ ቀረ። ከ1560ዎቹ ጀምሮ ከኔዘርላንድ አገር በሃይማኖት ምክንያት የተሰደዱ ሸማኔዎች በቅርቡ ባለው በኮልቸስተር ከተማ ተቀምጠው ቀለል ያለና ርካሽ ጨርቅ መሥራት ጀመሩ። ወፍራሙን ሰማያዊ ጨርቅ የሚፈልገው እየቀነሰ ሄደ፤ ላቨናምም ደኸየች። በሌላው ስፍራ ገንዘብ ያለው ሰው የአያቱን የእንጨት ቤት አፍርሶ በጡብ ሲሠራ፥ ማፍረስ ያልቻለውም ፊቱን ብቻ በጡብ ወይም በልስን ሲሸፍን፥ የላቨናም ሰው ከጥቂቶች በቀር ለዚህ እንኳ አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ቤቶቹ እንደ ነበሩ ቀሩ። የማኅበሩ አዳራሽ፥ ማኅበሩ በ16ኛው መቶ ዓመት መካከል በመንግሥት ትእዛዝ ከፈረሰ በኋላ፥ እስር ቤት ሆነ፤ ቈይቶም ጧሪ የሌላቸው ድሆች እየሠሩ የሚኖሩበት ቤት ሆነ። የሱፍ አዳራሽ የሚባለውም ሌላ ቤት በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ተፈትቶ ወደ ሌላ ስፍራ ሊወሰድ ነበር፤ ሰዎች ተቃውመው አስመለሱትና እንደ ገና አቆሙት።

ከዚህ የተነሣ ድህነት መልካም ነገር ነው የሚል ቢኖር አልስማማበትም። በዚያ የድሆች ቤት ውስጥ የበረዳቸው ሽማግሌዎች፥ የጣሪያውን ውርስ ለልጅ ልጆቻችን እንጠብቅ ብለው አልተቀመጡም። መሄጃ አጥተው ነው። ዛሬ ቤቶቹን የሚገዙ ባለ ገንዘቦች፥ የሸማኔው ልጅ ሊከፍለው በማይችል ዋጋ ይገዙአቸዋል። ድህነት ቤቱን ጠበቀ እንጂ ሰውን አልጠበቀም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግማሹን እውነት ብቻ የተናገርሁ ይሆንብኛል።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ቡና ለመጠጣት ስትቀመጥ እኔ ብቻዬን ወደ አንድ የጐን መንገድ ገባሁ። በዚያም አንድ ጐልማሳ ሠራተኛ በመዶሻና በመሮ ከአሮጌ ቤት ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ሲፈነቅል አገኘሁት። የሚስዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬን አሳምሬ ሰላምታ ሰጠሁትና፥ ይህን የመሰለ ጠንካራ ሲሚንቶ ስለ ምን እንደሚያነሣ ጠየቅሁት። ሰውየው ሥራ ማቆሚያ ምክንያት ሲፈልግ የቈየ ይመስላል፤ መሮውን አስቀምጦ ያስረዳኝ ጀመር።

ጭቃና ኖራ ይተነፍሳሉ አለኝ። ዝናብ ሲመታቸው ውሃውን ይቀበላሉ፥ ፀሐይና ነፋስ ሲመጣ መልሰው ይሰጣሉ። እንጨቱም ከእነርሱ ጋር ይረጥባል፥ ከእነርሱ ጋር ይደርቃል፤ እንዲህ ሆኖ ብዙ መቶ ዓመት ይኖራል። በ20ኛው መቶ ዓመት ግን ሰዎች ጥገና የማያስፈልገው መስሎአቸው ብዙ ቤት በሲሚንቶ ለሰኑ። እንጨት ይንቀሳቀሳል፥ ሲሚንቶ ግን አይንቀሳቀስምና ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፤ ከገባ በኋላ መውጫ የለውም። ከውጭ ሲያዩት ቤቱ ደህና ነው፥ ነጭ ነው፥ ያማረ ነው፤ ከውስጥ ግን እንጨቱ ይበሰብሳል። ይህን ብሎ ከግድግዳው ሥር ያለውን አግዳሚ እንጨት አሳየኝ። ጠቁሯል። በጣቱ ቢነካው እንደ ረጠበ ቡና ዝቃጭ ተፈረፈረ።

በዚህ ጊዜ አጠገቡ በነበረው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ሰውየው ደክሞኝ መስሎት ውሃ ሰጠኝ።

በ1985 ዓ.ም. ደመወዜን አጠራቅሜ ወደ አባቴ ቤት ሄጄ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ሁለት ባልደረቦቼ ለጥምቀት ሊመጡ ቀጠሮ ነበራቸውና፥ በዚያ የጭቃ ግድግዳ ሥር ላስቀምጣቸው አፈርሁ። ስምንት ኩንታል ሲሚንቶ ገዛሁ፤ ግንበኛ አመጣሁ፤ ቤቱን ዙሪያውን አስለሰንሁት። በዚህም አልበቃኝም። ልስኑ ሳይደርቅ በማንኪያ መስመር እያሰመረ የድንጋይ ግንብ እንዲያስመስለው ግንበኛውን አዘዝሁት። አባቴ በደጁ ቆሞ ዝም ብሎ አየ። በመጨረሻም «ልጄ፥ ቤቱ ምን አደረገህ?» አለኝ። እኔም «አባባ፥ ከእንግዲህማ በየዓመቱ መለሰን ይቀርልዎታል፥ ያርፋሉ» አልሁት። እውነት ለመናገር ስለ ዕረፍቱ አላሰብሁም ነበር።

በሁለተኛው ክረምት ልስኑ ተሰነጠቀ። አባቴ በስንጥቁ ላይ ጭቃ ቢመርግበት አልያዘለትም። ከዚያ በኋላ ክረምት ሲወጣ ግድግዳውን መዞር እንደ ተወ እኅቴ ነገረችኝ። በ1988 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፥ ሌሊት፥ በስተምሥራቅ ያለው ግድግዳ ከቋሚዎቹ ጋር ወደቀ። አባቴ ከምሰሶው ማዶ ተኝቶ ስለ ነበር እግዚአብሔር አተረፈው። ወደ እኅቴ ቤት ገባ፤ በዓመቱም እዚያው ዐረፈ። ቋሚዎቹን ባየሁ ጊዜ ከሥራቸው ጠቁረው ተፈረፈሩ። ሰው ሁሉ ምስጥ ነው አለ፤ እኔም ምስጥ ነው አልሁ። ለሃያ ስድስት ዓመት ለጠየቀኝ ሁሉ ምስጥ ነው እያልሁ መልሻለሁ። ሌሊት ብቻዬን ስሆን ግን በዚያው መንደር ሲሚንቶ ያልነካቸው፥ ከአባቴ ቤት የሚያረጁ ቤቶች ስለ ምን ምስጥ እንዳልበላቸው አስብ ነበር፤ አስቤም ወደ ሌላ ሐሳብ እሸሽ ነበር።

ለእንግሊዛዊው ሠራተኛ ይህን ሁሉ አልነገርሁትም። «አባቴ እንዲህ ያለ ቤት ሠርቶ ነበር» ብቻ አልሁት። እርሱም ደስ ብሎት የበሰበሰው እንጨት እንዴት እንደሚጠገን ያሳየኝ ጀመር። እንጨቱን በሙሉ አይጥሉትም፤ የበሰበሰውን ያህል ብቻ ቈርጠው፥ ከደህናው ክፍል ላይ አዲስ ኦክ በሰያፍ ይቀጥሉበታል። በ1877 በዊልያም ሞሪስ መሪነት የተቋቋመው ጥንታውያን ሕንፃዎችን የሚጠብቀው ማኅበር የሚያስተምረው ይህን ነው፤ አሮጌውን እንደ አዲስ ማስመሰል ሳይሆን እየጠገኑ ማኖር። ከ1947 ወዲህም በወጣው ሕግ የተመዘገበ ቤት ያለው ሰው ያለ ፈቃድ ሊያፈርሰው ወይም መልኩን ሊለውጠው አይችልም፤ በላቨናምና በዙሪያዋ የተመዘገቡት ከ300 በላይ ናቸው። ሠራተኛው ስለ ፈቃዱ ወረቀት ብዛት ጥቂት አማረረ። እኔም በልቤ፥ በ1985 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ወረቀት ቢከለክለኝ ኖሮ ብዬ ተመኘሁ።

በገበቴ የቦካ ጭቃ አጠገቡ ነበር። ሸተተኝ። ጥቂት ዝቄ በእጄ ጨመቅሁትና «ጭዱ ያንሰዋል» አልሁት። ሰውየው በመገረም አየኝ፤ ከዚያም ሄዶ ሁለት እፍኝ ጭድ አምጥቶ ጨመረበት፥ በቦት ጫማውም ረገጠው። በመስኮቱ ሥር አዲስ ማገር የተጐነጐነበት፥ ገና ያልተመረገ ክፍት ቦታ ነበር። በእጁ ወደዚያ አመለከተኝ።

ኮቴን አውልቄ ሰቀልሁና እጅጌዬን ሰበሰብሁ። አባቴ ጭቃውን በማገሩ መካከል አስገብቶ በመዳፉ ግርጌ ይገፋው ነበር፤ እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ስጨርስ ፊቱን ላስተካክለው ብል፥ ሠራተኛው ከለከለኝ፤ በላዩ የሚመጣው ልስን እንዲይዝ የጣቱ ምልክት ይቅር አለ። ይህንም አውቀው ነበር።

ልጄ ስትፈልገኝ መጥታ አገኘችኝ። እጄን አይታ «አባባ፥ ምን ነካዎት?» አለችኝ። መኪናዋ እንዳይቈሽሽባት ጋዜጣ አንጥፋልኝ፥ ሁለቱን እጆቼን በጕልበቴ ላይ ገልብጬ እንደ ያዝሁ እስከ ኢፕስዊች ሄድን። በመንገድ ላይ ስለ አያትዋ ቤት ጠየቀችኝ፤ የወደቀው በምስጥ እንዳልነበረ ነገርኋት።